ያላጠፋሁት ኮምፒውተር

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ አባቴ ይተኙበት በነበረው ክፍል ውስጥ ለሰባት ዓመት ሳይጠፋ የቆየ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረኝ። ሰባት ስል እጠራጠራለሁ፤ ባለቤቴ ስድስት ነው ትላለች። አባቴ በሞቱበት ዓመት እንደተጀመረ ግን ሁለታችንም እንስማማለን።

ውስጡ እሳቸው እየነገሩኝ የጻፍኩት የሕይወት ታሪካቸው አለ። የጻፍኩበት የአማርኛ ፕሮግራም የሚሠራው በዚያ ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ወደ አዲስ ኮምፒውተር ሲሻገር ፊደሉ ሁሉ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። የማላጠፋውም ውስጡ ያለች ትንሽ ባትሪ ስለሞተች ነው። ኃይል ከተቋረጠ ማሽኑ የገዛ ዲስኩን ይረሳል፤ ሲነሣም የዲስኩን ሦስት ቁጥሮች ካልነገሩት አይሠራም። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሱቅ ያለው አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ እቤታችን ድረስ መጥቶ በስልኩ መብራት ውስጡን አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በዕድሜ ይበልጠኛል። አንቱ ልበለው እንዴ?» ብሎ አሳቀን። ወዲያው ግን ባትሪዋ ከቦርዱ ጋር የተበየደች መሆኗን አሳየኝና፣ «ብነካት ቦርዱ አብሮ ሊሄድ ይችላል። እኔ እጄን አላስገባም» አለ።

ከዚያ ወዲህ ከቤት ውጭ አድሬ አላውቅም። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ የተሰካበት የኃይል መጠባበቂያ፣ ዩፒኤሱ፣ የሚይዘው ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ምድር ቤት ካለው ሱቅ ጄኔሬተር ገመድ የምስበው እኔ ነኝ። የባለቤቴ እህት ሐዋሳ ስትዳር ባለቤቴ ብቻዋን ሄደች። «ሰው በሽተኛ ሲያስታምም ይቀራል። የአንተን ምን ብዬ ልንገራቸው?» ብላኝ ነበር ስትወጣ።

«ስክሪኑን ገጽ በገጽ በስልክህ ፎቶ አንሣና አጥፋው» ትለኝ ነበር ደጋግማ። ትክክል ነበረች። ይሁን እንጂ ፎቶ ለማንሣት ጽሑፉን መክፈት ነበረብኝ።

ጌጃ ሰፈር የነበረው ቤታችን ለመልሶ ማልማት ሲፈለግ፣ አባቴ ቤቱን ለመልቀቅ እንዲፈርሙ የገፋፋኋቸው እኔ ነኝ። ከዓመታት በኋላ እዚህ ክፍል ተቀምጠው ታሪካቸውን ሲነግሩኝ፣ «ልጄ ያለው ትክክል ነበር» ብለው እንዳስጻፉኝ አስታውሳለሁ። በዚያ ዓረፍተ ነገር ተደግፌ ኖሬያለሁ። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ግን አንድም ቀን ከፍቼ አላነበብኩትም።

ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለ፤ የሱቁም ጄኔሬተር ነዳጅ ጨረሰ። ዩፒኤሱ ሲጮህ ቆይቶ ዝም አለ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ ስክሪኑ ሦስቱን ቁጥሮች ጠየቀኝ። በቃሌ የማውቃቸውን አስገባሁ፤ እምቢ አለ። ቅደም ተከተላቸውን አቀያየርኩ፤ አሁንም እምቢ አለ።

«እዚህ መስኮቱ አጠገብ ጽፌያቸው ነበር። ለእንቁጣጣሽ ግድግዳውን ስትቀቢ አጠፋሻቸው» አልኳት።

«መስኮቱ ጋ ምንም ተጽፎ አያውቅም።»

«በእርሳስ፣ በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት።»

«አንተማ ጠረጴዛ ሥር ተጎንብሰህ ቁጥሮቹን ስትጠራ ነበር። የጻፉት አባባ ናቸው፤ በሩ ጀርባ። በሩን ደግሞ መች ቀባሁት?»

ከሞቱ ጀምሮ ማንም ያልነካውን የአባቴን ካፖርት ከበሩ ጀርባ አነሣችው። ቁጥሮቹ እዚያ ነበሩ፤ ግራ እጃቸው እንደሚጽፈው ወደ ኋላ የተጋደሙ። ከሦስቱ እኔ ከማስታውሰው ጋር የገጠመው አንዱ ብቻ ነው።

ማሽኑ ተነሣ። ባለቤቴ ካፖርቱን ክንዷ ላይ እንዳደረገች አጠገቤ ቆማ፣ «በል እንግዲህ፣ ክፈተው» አለችኝ።

ስለ ቤቱ የሚናገረውን ቦታ ፈልጌ አገኘሁት። «ልጄ ፈርም አለኝ፤ ፈረምኩ። የግቢያችንን የኮክ ዛፍ ሲቆርጡት አላየሁም» ይላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ስለ ቦኖ ውኃ ወረፋ ነው። ትክክል የሚል ቃል የለም፤ ስህተት የሚልም የለም። ገጾቹን ወደ ኋላና ወደ ፊት ስመላልስ ቆየሁ።

ባለቤቴ ሁሉንም በስልኳ አነሣችና፣ «በቃ፣ ተገላገልክ» አለችኝ።

ኮምፒውተሩ ዛሬም በርቷል። አባቴ ያንን ቃል ያሉት በሌላ ፋይል ውስጥ ይሆናል እያልኩ የዲስኩን ፋይሎች አንድ በአንድ እከፍታለሁ። ሁለተኛ ፋይል እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ ወይም የማስታውስ ይመስለኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ሐዋሳ የባለቤቴ እህት ልጅ ክርስትና ይነሣል። እሷም ሳትጠይቀኝ የአንድ ሰው ትኬት ቆርጣለች።