ተቀባይ ያጣ ኦፔራ

ከእኛ በላይ ካለው ቤት የሚኖሩት ጣሊያናዊ ሽማግሌ መጀመሪያ በራችንን ያንኳኩ ዕለት፣ የከፈትኩላቸው ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። ልጄ ደረጃው ላይ ቆማ ወንድሟን ስትጣራ ሕንፃው ሁሉ ሰምቷታል። ጋምለ ኦስሎ ውስጥ ደግሞ ጎረቤት በር የሚያንኳኳው ለስሞታ ነው። እኔም ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ውዬ ቱግ ለማለት ሰበብ አላጣም። ሰውየው ግን ያቺን ድምፅ ማን ነው የሚያስተምራት ብለው ጠየቁኝ። ማንም አልኳቸው። እንግዲያው እኔ አስተምራታለሁ አሉና ወደ ላይ ተመለሱ።

የኦፔራ ደራሲ ናቸው፤ እንጀራቸው ግን ሙዚቃ ማስተማር ነው። ልጄ ማኤስትሮ ትላቸዋለች፣ እናቴ ሙሴ። ድምፅሽ እንዳይንቀጠቀጥ እያሉ፣ እየተንቀጠቀጠ የሚዞር ልብስ ማጠቢያ ላይ እጇን አስደግፈው ያዘፍኗታል። ወላሂ፣ ሰውየው ለይቶላቸዋል ብዬ ነበር። ስትሳሳት ይጮኹባታል፤ ካስለቀሷት በኋላ ብርቱካን ልጠው ያጎርሷታል። በዚህ ወደድኳቸው። እኔ ራሴ ቁጡ ስለሆንኩ ቁጡ ሰው አያስፈራኝም።

በወጣትነታቸው የጻፉት አንድ ኦፔራ አላቸው። አገራቸው መድረክ ላይ የወጣው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም ተመልካቹ ከተቀመጠበት እየጮኸ መሃል ላይ አስቆመው። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም፤ እሳቸውም እስከ መጨረሻው ሰምተውት አያውቁም። አሁን ጣቶቻቸው እየደረቁ ነው። ፒያኖ መምታት ሳይሳናቸው አንዴ ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊሰሙት ፈለጉ። ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ግሩነርሎካ ሰፈር አንዲት ትንሽ አዳራሽ ለሁለት ምሽት ያዙ። በኦፔራው ልጇን ባሕር የወሰደባትን እናት ሆና የምትጫወተው የእኔዋ ልጅ ናት። እኔም አዳራሹን በሰው ልሞላላቸው ቃል ገባሁ።

በመጀመሪያው ምሽት ሞላሁትም። የእናቴን ወዳጆች፣ የወሎ እናቶችን፣ በአውቶቡስ ጭኜ አመጣኋቸው ብል ይሻላል። ግን ለሽማግሌው አንድ ነገር መንገር ረሳሁ። እኛ ዘንድ መንዙማ ሲባል አንዱ ያወርዳል፣ ጀማው ይቀበላል፤ የሚያወርድን ሰው ብቻውን መተው ነውር ነው። ልጄ ደግሞ ቤት ውስጥ ስትለማመድ ስለከረመች፣ እናቴና ወዳጆቿ ያቺን የምትመላለስ ዜማ ጣሊያንኛው ባይገባቸውም በቃላቸው ይዘዋታል። ያቺ እናት መድረክ ላይ ልጇን ስትጣራ ዝም ብለው ሊያዩ ኖሯል? ልጄ ትንፋሽ ስትወስድ እናቴ ከፊት ወንበር ተቀበለቻት። ከዚያ ሁሉም ተከተሉ፤ ጭብጨባም ጨመሩበት። ምን እዋሻለሁ፣ እኔም ተቀብያለሁ።

ሽማግሌው ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው ፒያኖው ላይ ነበሩ። ትከሻቸው ኩምትር ሲል አየሁ። እጃቸውን ከፒያኖው አወረዱ፣ ተነሡ፣ ማንንም ሳያዩ በጓሮ በር ወጡ። ኦፔራው ዳግመኛ መሃል ላይ ቀረ።

ልጄ እያለቀሰች መጣች። "አባ፣ እንደ ድሮው ተመልካች የጮኽንባቸው መስሏቸው እኮ ነው" አለችኝ።

ጠዋት ወጥቼ የሽማግሌውን በር አንኳኳሁ። ሌሊቱን እንዳልተኙ ዓይናቸው ይናገራል። የዛሬ ማታው ዝግጅት ይቀጥል እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ "ኔይ" ብቻ፣ አይሆንም ማለታቸው ነው። ሁለታችንም ኖርዌይኛውን እየሰባበርን ነው የምናወራው፤ የምፈልገው ቃል አልመጣ አለኝ። ቢቸግረኝ በራቸው ላይ ቆሜ አንድ መንዙማ አወረድኩ። እናቴ ከታች ከቤታችን በር ተቀበለችኝ። ደገምኩት፣ ደገመችልኝ። ሽማግሌው አንዴ እኔን፣ አንዴ ደረጃውን ያያሉ።

"እኛ የጠላነውን ሰው ነው ብቻውን የምንተወው" አልኳቸው። "እርስዎን መተው አቅቶን ነው።"

በሩን ዘጉብኝ። አመሻሹ ላይ ግን ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ሲወርዱ አየኋቸው፤ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

የዚያን ዕለት ልጄ ሁሉንም አስጠንቅቃ ነው ያስቀመጠቻቸው። ትንፍሽ የሚል ሰው ከእኔ ጋር ተቆራረጠ አለች። እናቴ ራሷን ስላላመነች የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ልጄ ያቺን ዜማ አወረደች። አዳራሹ ጭጭ።

ፒያኖውም ቆመ። ሽማግሌውን አመማቸው ብዬ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ወደ እኛ ዞሩ፣ በዓይናቸው እናቴን ፈልገው አገኟት።

"እየጠበቅኳችሁ እኮ ነው" አሉ።

እናቴ ሻርፗን ከአፏ ላይ አነሣች። በዚያ ምሽት ኦፔራው እስከ መጨረሻው ተሰማ።