ካርድዎን ላየው፣ ጋሼ

ሳይበር ሴኩሪቲ ተምሬ የጨረስኩ ሰሞን እናቴ ለቤተክርስቲያኑ ሰው ሁሉ «ልጄ የኮምፒውተር ሌባ መያዝ ተማረች» ብላ አወራች። ከዛ ወዲህ ቅዳሴ ሲያልቅ ፌስቡኩ የተቆለፈበት ሁሉ እኔን ይፈልጋል። ለሥራ የሚፈልገኝ ግን ጠፋ። «ጀማሪ እንፈልጋለን» የሚለው ማስታወቂያ ሁሉ ልምድ ይጠይቃል። ልምድ ያለው ሰው ምን በወጣው ጀማሪ ይሆናል?

አፕላይ ማድረግ አንገሽግሾኝ ልተወው ስል ኦግደን ከተማ ያለ አንድ የጭነት ትራክ ካምፓኒ ለኢንተርቪው ጠራኝ። ሌላ የጠራኝ የለም። ይሄ ካመለጠኝ ወደ ግሮሰሪው ካሸር ሥራዬ ተመላሽ ነኝ።

ኢንተርቪው ጥሩ ሄደ። ስለ ፓስወርድ፣ ስለ ቫይረስ፣ ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። ማናጀሯ ፈገግ ብላ «መጣሁ» አለችኝና ኮሪደር ላይ አስቀምጣኝ ሄደች። ፊት ለፊቴ የመጋዘኑ ሠራተኞች መግቢያ የመስታወት በር አለ፤ ከውጪ በሠራተኛ ካርድ ነው የሚከፈተው፣ ከውስጥ ግን ገፋ ማድረግ ብቻ ነው። ውጪ አንድ ሸምገል ያሉ ሐበሻ ካርቶን አቅፈው፣ በረዶ ላይ ቆመው፣ በክርናቸው መስታወቱን ነካ ነካ ያደርጋሉ።

ማሰብ የሚባል ነገር አልነበረም። እግሬ ነው የተነሳው።

«ይግቡ ጋሼ፣ ካርቶኑን ይስጡኝ።»

«ተባረኪ ልጄ።»

ዞር ስል ማናጀሯ ቆማለች።

«ታውቂዋለሽ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«አላውቃቸውም።»

«ካርዱን አይተሻል?»

«ያየሁት ካርቶኑን ነው።»

ጋሼ ነገሩ እንዳላማረ ገባቸውና ሊያድኑኝ ፈለጉ። «ልጄ ናት፣ ችግር የለም» አሏት፣ በጥሩ እንግሊዝኛ። ገደሉኝ። አሁን ደግሞ ውሸታም ሆንኩ።

ማናጀሯ እጇን አጣምራ ታየኛለች። ከእንግዲህ የቀረ ነገር የለም ብዬ እውነቱን ነገርኳት። «አባቴ አይደሉም። እኛ ጋ ትልቅ ሰው በሙሉ አባት ነው። ትልቅ ሰው ብርድ ላይ ቆሞ እኔ ተቀምጬ ካየሁ ደግሞ እናቴ ቤት አታስገባኝም። እዚህ መጋዘን ውስጥ እንደ እኔ ያደገ ስንት ሰው አለ። ‹አትክፈቱ› የሚል ፖስተር ብትለጥፊ ማንም አይሰማሽም። ተነሱ፣ ዕቃውን ተቀበሉ፣ ከዛ ካርድ ጠይቁ በዪን፤ እሱን እናደርገዋለን።»

«እስቲ ጠይቂው» አለችኝ።

ካርቶኑን እንዳቀፍኩ ዞርኩ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ካርድዎን ላየው?»

«አሁን ይግቡ ብለሽኝ?»

«ይግቡ ያልኩዎት ሥራ ሳልይዝ ነው።»

«ይዘሻል እንዴ?»

«እሱን እርስዎ ካርዱን ሲያወጡ እናያለን።»

ካርዱ መኪናቸው ውስጥ ነበር። እያጉረመረሙ ወጡ፤ እኔም ካፖርቴን ውስጥ ትቼ ካርቶኑን ይዤ ተከተልኳቸው። መንገዱን ሁሉ «የማን ልጅ ነሽ?» ይሉኛል። ነገርኳቸው። ትልቁ ስህተቴ እሱ ነበር።

ሥራውን አገኘሁ። እሁድ ግን እናቴ ከቅዳሴ ስትወጣ ፊቷ ጠቁሯል።

«ሽማግሌ ከበር መለስሽ አሉ።»

«ሥራ ያገኘሁት በእሳቸው ነው እኮ።»

«እሱንም ነግረውኛል። ሂጂ ይቅርታ ጠይቂ።»

ሄድኩ። ጋሼ እዚያው ቤተክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመዋል፤ ይቅርታዬን ሳልጨርስ ስልካቸውን አወጡ፤ ፌስቡካቸው ተቆልፎባቸዋል። «ፓስወርድዎን አይንገሩኝ» ልል አፌን ስከፍት፣ ጮክ ብለው፣ ፊደል በፊደል፣ ሕዝበ ክርስቲያኑ መሃል ነገሩኝ።