ኩላሊት ያስጾመው ቄስ

ለቄስ «ጾመው ይምጡ» አይባልም። የሲቲ ስካኑ ባለሙያ ይህን አላወቀም፤ ልጅ እግር ነው፣ አይፈረድበትም። እኔ ብኖር አርመው ነበር፤ ቀጠሮ ሲሰጣቸው ካርድ ላወጣ ወጥቼ አመለጠኝ።

አማኑኤል ክሊኒክ በአልትራሳውንድ የቄሱ አባቴ ግራ ኩላሊት ላይ ዕጢ ታይቶ ነበር። ካንሰር ከሆነ ኩላሊቱ ይወጣል፤ የሚለየው ደግሞ ደብረ ማርቆስ ያለው ሲቲ ስካን ነው ተባልን። እናቴ እንቅልፍ አጣች። እኔም ሒሳብ እያስተማርኩ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ይጠፋኝ ጀመር። አባቴ ብቻ ምንም አልመሰላቸውም፤ ወይም ለእኛ እንደዚያ መሰለን።

በቀጠሮው ጠዋት ከንፈራቸው ደርቆ፣ ድምፃቸው ሰልሎ መጡ። ባለሙያው ውሃ ጠጥተው እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ጹም አላልከኝም? ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጠብታ አልቀመስኩም» አሉ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው።

ባለሙያው ራሱን ያዘ። ዕጢውን ለይቶ የሚያሳየው በደም ሥር የሚሰጥ ቀለም ነው፤ ውሃ የጠማውን ኩላሊት ግን ሊጎዳ ይችላል። «እኔ ከእህል ብቻ ማለቴ ነበር፣ አባ። ዛሬ ውሃ በደንብ ይጠጡና ነገ ይምጡ» አላቸው።

«ምስሉ ሳይነሣ ውሃ አልቀምስም ብዬ ተስያለሁ» አሉ አባቴ።

ውሃ ሳይጠጡ ምስል የለም፤ ምስል ሳይነሣ ውሃ የለም። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፤ ወይ ፍንክች። ቢቸግረኝ ለነፍስ አባታቸው ደወልኩ። አባቴ ራሳቸው ዳዊት ያስደገሟቸው ወጣት ቄስ ናቸው። ነገሩን ከሰሙ በኋላ አባቴን በስልክ ከስለታቸው ፈቷቸውና፣ «ቀኖናዎ ውሃ ነው። ልጅዎ የቀዳችልዎትን ሁሉ ይጠጣሉ፤ ጠብታ እንዳያስተርፉ» አሏቸው።

አባቴ አኮረፉ፤ ግን ታዘዙ። እኔ ቤት ውለው ብርጭቆ በቀረበ ቁጥር እየተነጫነጩ ጠጡ። እንዲህ ያለ ከባድ ቀኖና ገጥሟቸው አያውቅም።

በማግስቱ ምስሉ ተነሣ። ሐኪሟ ኮምፒውተሩ ጋ ጠራችንና ኩላሊቱ ላይ ያለች ጠቆር ያለች ነገር አሳየችን። ስብ ናት። ዕጢው ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ዓይነት ነው፤ በውስጡ ስብ ስላለ ምስሉ ላይ ይለያል። ካንሰር አይደለም። ትንሽ ስለሆነም ቢላዋ አይነካውም፤ በየዓመቱ እየታየ ይቆያል አለችን።

አባቴ ምስሉን ትክ ብለው አዩት። «ዕድሜ ልኬን ስጾም፣ ይኼ ስብ የት ተደብቆ ኖረ?» አሉ። ሐኪሟ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እኔም እንባዬ የመጣው በሳቅ ብቻ አልነበረም።

ደጅ ስንወጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ፈርቼ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉ። «እናትሽን ለማን ጥያት እሄዳለሁ እያልሁ።»

ከአባቴ አፍ «ፈራሁ» የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም። እጃቸውን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስልኬ ጠራ፤ እናቴ ናት። ገና «ሃሎ» ሳልል አባቴ ስልኩን ተቀበሉኝ።

«ምሳ ሥሪ፤ መጣሁ» አሏት። ወዲያው ስልኩን መለሱልኝና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።