አየሁሽ ሞጣ ላይ ያወጣችው ጉድ

ወሬው ከቢቸና ጤና ጣቢያ በር ሲወጣ ነጠላ ብቻ ነበር የለበሰው፤ ገበያው ጋ ሲደርስ ካባ ደርቦ ነበር።

ሲስተር ስርጉት ለልብስ ሰፊዋ ለአየሁሽ ያለቻት ይህን ብቻ ነው፦ «ማህፀንሽ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነው። የስንት ሴት እንዲህ ነው፤ ጽንሱ ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ቀና ይላል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሽንት እምቢ ካለሽ ዛሬ ነገ ሳትዪ ሐኪም ጋ ሂጂ።»

አየሁሽ ለአማቷ ለእማማ ጥሩአየሁ ነገረች፤ እማማ ጥሩአየሁ ለጎረቤት። ከሰዓት በኋላ ቀሚስ ልትለካ የመጣች ሴት ሜትሩ ወገቧ ላይ እንዳለ ዞር አለችና፣ «አይዞሽ እቴ፣ የተገለበጠ ሁሉ ይፈሳል ያለው ማነው?» አለቻት።

ሜትሩ ከአየሁሽ እጅ ወደቀ። አምና ያረገዘችው በሦስተኛ ወሩ ወርዶባታል። አሁንም ሦስተኛ ወሯን ጨርሳ አራተኛውን ይዛለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የስፌት መኪናዋን ፔዳል መርገጥ ተወች፤ እያንዳንዱ እርግጫ ሆዷን የሚንጥባት መሰላት። ወንበር አትደገፍም። መርፌ ሲወድቅባት ጭኗ ላይ እንቁላል ያስቀመጠች ይመስል ቀስ ብላ ነው የምታጎነብሰው።

እማማ ጥሩአየሁ ግን መላ አላጡም። ሞጣ ውስጥ ሆድ በቅቤ አሽተው ማህፀን የሚያቃኑ እመት ወይንእሸት የሚባሉ ሴት አሉ። «እኔ አስናቀውን ሳረግዝ ያቃኑኝ እሳቸው ናቸው!» አሉ። አስናቀው፣ የአየሁሽ ባል ማለት ነው፣ ዛሬም ሲሄድ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ይህን ግን ማንም አላነሳም። እሱም ለሥራ አምበር ስለሄደ የሚከራከር አልነበረም።

በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈሩ። እርግዝና ሳይገፋ ለመንገደኛ አይወራምና እማማ ጥሩአየሁ ለጠየቀ ሁሉ «ተዝካር ነው የምንሄደው» ይላሉ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየሁሽን አየና፣ «እማማ፣ ይቺስ ለቅሶ የምትሄድ ነው የምትመስለው» አለ።

እውነቱን ነው። አየሁሽ ከነቃች ጀምሮ ሽንት እምቢ ብሏታል። ቤት ውስጥ ሞከረች፣ ጠብታ። «ፍርሃቱ ነው» ብላ ተወችው። ደብረ ወርቅ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ከአንድ አጥር ጀርባ ቁጢጥ አለች፤ ምንም። የሲስተር ስርጉት ቃል ጆሮዋ ላይ ጮኸ። ግን ለማን ትንገር? በአማቷ ፊት ውሃ ጠማኝ ለማለት እንኳ ዙሪያ ጥምጥም የምትሄድ ምራት ስለ ሽንት ልታወራ?

«ምነው ቆየሽ ልጄ?»

«ነጠላዬን እሾህ ይዞብኝ ነው እማማ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ጥርሷን ነክሳ ጨረሰችው። ሚኒባሱ በዘለለ ቁጥር ሆዷ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ግንባሯን ላብ ያጠምቀዋል።

እመት ወይንእሸት ቤት ሲደርሱ ባልየው መሪጌታ ወልደ ኪዳን ጥግ ይዘው ዳዊት ይደግማሉ። አየሁሽ መደቡ ላይ ተጋደመች። እመት ወይንእሸት እጃቸውን ቅቤ ቀብተው ሆዷን ዳሰስ ሲያደርጉ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ስንት ወሯ ነው አላችሁኝ?»

«አራት ገባች።»

«ኧረ ወዲያ! እንዲህ ያለ ሆድ በአራት ወር? መንታ ነው እንጂ! ቆይ፣ ከበታች ሆኜ ገፋ ላድርጋቸው።»

«እልልል!» አሉ እማማ ጥሩአየሁ። መሪጌታ ዳዊታቸውን አጥፈው ምርቃት ጀመሩ። እመት ወይንእሸት እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ሁለቱ አውራ ጣቶች ሆዷ ላይ አረፉ። አየሁሽ የሚመረቀው ምን እንደሆነ ታውቃለች። ዝም ብትል ይጫኗታል፤ ብትናገር ከዚያ በኋላ በየትኛው ፊቷ ቢቸና ትገባለች? አምና የወረደው ትዝ አላት።

«ሽንት ነው!» ብላ ጮኸች።

እልልታው በእማማ ጥሩአየሁ ጉሮሮ ላይ ቀረ።

«ከንጋት ጀምሮ እምቢ ብሎኛል። አይጫኑኝ እመት፣ በእመቤቴ! ሲስተር ሐኪም ጋ ሂጂ ብላኛለች።»

መጀመሪያ የተነሱት መሪጌታ ናቸው። «ታዲያ ምን ታያላችሁ? ባጃጅ ጥሩላት እንጂ!»

ሆስፒታል እንደደረሱ አዋላጅ ነርሷ በቀጭን ቱቦ ሽንቱን አወጣችው፤ መንታዎቹ በባልዲ ተደፉ። የሆዱ መቅለል ግን አየሁሽን ይበልጥ አስፈራት። ልክ እንዳምናው ባዶ የሆነች መሰላት። ነርሷ አልትራሳውንዱን ይዛ ትፈልጋለች። አየሁሽ ፊቷን ታነባለች፣ ምንም አይነበብም።

«አለ?» አለች በመጨረሻ።

«አንድ ነው። ይኸው ልቡ ይመታል። ማህፀንሽ ገና ከዳሌሽ ውስጥ ወጥቶ ቀና አላለም፣ ሽንቱን የያዘው እሱ ነው። ቱቦው ይቆያል፤ እዚሁ ትተኛለሽ፣ እንከታተልሻለን።»

ተኛች። ልቡ ይመታል መባሉን በልቧ እየደገመች፣ እስከ መቼ ይመታል እያለች ደግሞ እየፈራች። ከሁለት ቀን በኋላ ነርሷ ማህፀኑ ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል ብላ ቱቦውን ስታነሳ፣ «አሁን ራስሽ መሽናት አለብሽ» አለቻት። ይኼኔ እማማ ጥሩአየሁ ወንበር ስበው አልጋው አጠገብ ተተከሉ። ትንሽ ይቆዩና ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፦

«ልጄ፣ ሽንት መጣ?»

«ገና ነው እማማ።»

የአጎራባች አልጋ አስታማሚዎች ሳይቀሩ ይጠይቋት ጀመር። ወደ ማታ ግድም አየሁሽ ነጠላዋን ደርባ ወጣች፤ ቆየች። እማማ ጥሩአየሁ ጣታቸውን እየነከሱ በሩን ያያሉ። ከመጸዳጃው በኩል የአየሁሽ ድምፅ መጣ፣ ያለ ምንም እፍረት፦

«እማማ! መጣ!»

ጉሮሮ ላይ የቀረው እልልታ ያኔ ወጣ።