የእትዬ ሦስተኛ ዙር

ክር፣ ቁልፍና ዚፕ የምትሸጠዋን ሴት ገበያው በሙሉ «እትዬ» ይላታል። ባሏ ሰዓት ሠሪው ብቻ «ሊቀመንበር» እያለ ይቀልድባታል። ቀልድ ብቻም አይደለም፤ የነጋዴዎቹ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሰብሳቢ ናት። ሁለት ዙር ሙሉ መርታለች፤ የዚያ እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ የመጨረሻዋ መሆን ነበረበት።

መሆን ነበረበት እንጂ! ደንቡ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ማንም ሰው ከሁለት ዙር በላይ ቦርድ ውስጥ አይቀመጥም። ይህን አንቀጽ ያስገባው ማን ሆነና? ራሷ! ያኔ ከሷ በፊት ሰብሳቢ የነበረው ባለልኳንዳ ወንበሩ ላይ ሥር ሰዶ፣ ወዳጁ ሲበደር ሌላው ሲጉላላ፣ ሰው ሁሉ በየሱቁ ሲያማው ይውልና ጉባኤ ላይ ሲደርስ ጭጭ ይል ነበር። ብድግ ብላ «ወንበር የአባት ርስት ነው እንዴ?» ያለች እሷ ናት። አይ ጊዜ! ለሰው የደነገጉት ለራስም ይደርሳል።

እሁድ ጠዋት እግሯ አንድ ቦታ አልረግጥ አላት። ሻይ ቀዳችና ረሳችው። ቀሚስ ለበሰች፣ አወለቀች፣ መልሳ ያንኑ ለበሰች። በሳምንቱ መሀል የቦርዱ ፀሐፊ ሱቋ ድረስ መጥቶ «እርስዎ ከወረዱ ማኅበሩ ይፈርሳል። አንቀጹን እናሻሽለዋለን፤ እርስዎ ብቻ ዝም ይበሉ» ብሏት ነበር። እሷም ዝም አለች። አሁን ውስጧን የሚበላት ያ ዝምታ ነው።

ባሏ ጫማውን እያሰረ አያት።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል» አላት። «አንቺ ሰባራ ሳንቲም እንዳልነካሽ አውቃለሁ። ታዲያ አለመብላትሽ ነው የሚቆጭሽ?»

«ማን ተቆጨ? ለዳቦ ጋጋሪዋ ላስረክብና ትበትነው?»

«ዳቦ ጋጋሪዋ ምን አደረገችሽ?»

«ልጅ ናታ!»

«አንቺም ስትገቢ ልጅ ነበርሽ፣ ሊቀመንበር።»

«እንዲያው በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ ተወኝ!» ብላ በሩን ከፍታ ወጣች።

እውነቱን ለመናገር ለወንበሩ ስሟ የሚነሳው ዳቦ ጋጋሪ ምንም አላደረገቻትም። እትዬን ያስፈራት ሌላ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ሱቋ በር ላይ ቆሞ «እትዬ፣ አንዴ ላማክርሽ» የሚላት ሰው ማጣት። ዚፕማ ማንም ይሸጣል። ይፈልጉኛል ወይስ አይፈልጉኝም? ይህችን ብቻ ማወቅ ፈለገች። መንገዱን ሁሉ ይህችኑ እያመነዠከች ሄደች።

በዚህ ማኅበር ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። ቦርዱ ከፊት ይቀመጣል፤ አባሉ ቦርዱን እያየ፣ ቦርዱም አባሉን እያየ እጅ ይወጣል። በወረቀት ይሁን የሚል ቢገኝ «ምን የምትደብቀው አለ?» ተብሎ ይሳቅበታል። ባለልኳንዳውም ያን ሁሉ ዘመን የከረመው በዚሁ ነው። እትዬ ያኔ ዙሩን ስትገድብ ይህን መንካት ረሳች። ረሳች ልበል እንጂ፣ ከዚያ ወዲህም ትዝ አላላትም።

ፀሐፊው ጉሮሮውን ጠራርጎ ተነሳ። «ሰብሳቢያችን ለሦስተኛ ዙር እንዲቀጥሉ አንቀጹ ይሻሻል የምትሉ?»

አንድ እጅ ወጣ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ አዳራሹ እጅ ብቻ ሆነ። ዳቦ ጋጋሪዋ ሳትቀር አወጣች፤ ለሁለተኛ ምድጃ የጠየቀችው ብድር ገና ቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ነው። እትዬ እንባ እንባ አላት። ይወዱኛል፣ አለች በልቧ። ይኸው፣ ይወዱኛል!

ከወደ ኋላ ግን አንድ ሰው እጁን አጣጥፎ ቁጭ ብሏል። ባሏ! ደሟ ፈላ። ሰው ፊት! ለዚያውም የገዛ ባሏ!

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህን ምን ነካው?» አለችው፤ ቀልድ ልታስመስለው ሞከረች። ሰው ሳቀ።

«እጄ ደህና ነው» አላት ከተቀመጠበት። «ከዚህ ሁሉ ሰው ውስጥ የማልፈራሽ እኔ ብቻ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። እትዬ አንድ ሰው «ኧረ ምን ማለት ነው! ማን ፈርቷት!» እስኪል ጠበቀች። አንድ ሰው ብቻ በበቃት ነበር። ዳቦ ጋጋሪዋን አየቻት፤ እጇ እንደወጣ ነው፣ ዓይኗ መሬት ላይ። ከዳቦ ጋጋሪዋ ጎን ያለውን ጫማ ሻጭ አየችው፤ እሱም ብድር ጠይቋል፣ እሱም አቀርቅሯል። ይህን ዓይነት ማቀርቀር ታውቀዋለች፤ በባለልኳንዳው ዘመን እሷም ከነሱ መሀል ተቀምጣ አቀርቅራለች።

«እንግዲህ በአብላጫ ድምፅ...» ብሎ ፀሐፊው ጀመረ።

«ቆይ» አለችው። ያን ቃል ለማውጣት የታገለችውን ትግል እሷው ታውቀዋለች። «እጃችሁን አውርዱ። በወረቀት ነው የምንመርጠው።»

እጆቹ ሲወጡ አንድ በአንድ ነበር። ሲወርዱ ግን ባንዴ ወረዱ፤ ከመሀል አንድ ሰው ጮክ ብሎ «እፎይ!» አለ።