ድምፁ ከከንፈሯ ሲገጥም

በዚያ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ደብረ ታቦር ቤታችን ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ የባለቤቴ አባትና ከዐረብ አገር የተመለሰችው ጎረቤታችን ነን። ልጄም ነበረች፤ እሷ ግን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ናት።

ዐረብ አገር ልሥራ ብላ ከሄደች ወዲህ ቪዲዮ ስትልክ የመጀመሪያዋ ነው። የእኔ ስልክ ምስል ስለማያሳይ በጎረቤታችን ስልክ መጣ። ጎረቤታችን «ከእናቷ ቀድሜ አላየውም» ብላ ሳትከፍተው ወደ ፍላሽ ገልብጣ አመጣችልን።

ልጄ ነጭ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። መክሳቷን ወዲያው አየሁ።

ድምፁ ከምስሉ ኋላ ይቀር ነበር። በእኛ ቤት ልጅ አያቱን ሰላም ሲል ከወገቡ ጎንበስ ይላል። እሷም እንደ ልማዷ ጎንበስ አለች፤ ቀና ብላ አፏን ከዘጋች በኋላ ነው «አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ?» የሚለው የተሰማው።

አማቴ ሳቁ። «መብረቁ ቀድሞ ነጎድጓዱ ኋላ! ልጅቱን ክረምት አደረጋችኋት።»

«አርጅቶ ነው» አለ ባለቤቴ፣ ቴሌቪዥኑን እያየ።

«ካንተስ ይሻላል፤ ቢዘገይም ይመልሳል» አሉት።

አፏ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንድ ወፍራም ጉርምርምታ ይሰማል። ከቴሌቪዥኑ ጋር ያያዝነው ስፒከር ብልሽት መሰለን።

«በብሉቱዝ አያይዛችሁት ነው የሚዘገየው» አለች ጎረቤታችን። ብሉቱዙን አጥፍታ ስፒከሩን በገመድ ቀጠለችው። ለመሞከር ዜና ከፈተች፤ የአንባቢው ቃል ከከንፈሩ ጋር ገጠመ። ደስ ብሎኝ የልጄን ከመጀመሪያው እንድትመልስልኝ ለመንኳት።

አሁን ጎንበስ ማለቷና ሰላምታዋ አንድ ላይ መጡ። አማቴ እጃቸውን ዘርግተው መረቋት።

ከዚያ ልጄ ዝም አለች። አፏ ተዘግቷል፤ ጉርምርምታው ግን መጣ። ዓይኗ ወደ ጎን ሄደ። «ደህና ነኝ፤ ምንም አልጎደለብኝም» አለች። እንደገና አፏ ተዘጋ፤ እንደገና ጉርምርምታው። «ስልክ ባላነሣ አታስቡ» አለች።

ስፒከሩ አልነበረም። አጠገቧ ሰው ነበረ።

ጎረቤታችን ድምፁን ጨመረችው። የወንድ ድምፅ ነው፤ በአማርኛ። መጨረሻው ብቻ ተለየ፤ «...በይ» ይላል።

ጎረቤታችን ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «እትዬ፣ እኔንም የያዙኝ ሰዎች እንዲህ ነበር የሚያስቀርጹኝ» አለችኝ።

ባለቤቴ ተነሥቶ ወጣ። የአማቴ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይነሣም። በላከችበት ቁጥር ስንደውልም የሚመልስ የለም። ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ድምፁ አንድም ጊዜ አልዘገየም።

ልጄ የሄደችው ከሐሙሲት ከተማ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር በሚኒባስ ነው። አጠር ያለች ናት፤ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለባት፤ ትልቅ ሰው ሰላም ስትል ከወገቧ ጎንበስ ትላለች። አብሯት የሄደ ወይም ያያት ሰው ካለ፣ ያለችበትን ይንገረኝ።