ቀብርና አርማታ የተገናኙበት ቅዳሜ

የማስተምርባት ከተማ ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚነሱ ከባድ መኪኖች ሌት ተቀን ያልፉባታል። ሾፌሮቹ የሚያውቋት ጎማ በማስጠገኛነቷ ነው፤ እኛ ነዋሪዎቿ ግን በቦረቦሯ ነው የምናውቃት። የአካባቢው አፈር እንደ አመድ ቀላል ስለሆነ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየቆረሰው ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ጥልቅ ቦይ ቆፍሯል። በበጋ ፍየሎች ይውሉበታል፤ ልጆችም ወርደው፣ ወጥተው ትምህርት ቤት ይደርሳሉ። ዝናብ ሲገባ ግን ማዶ ያለው ማዶ፣ ወዲህ ያለው ወዲህ ይቀራል። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና ገበያው ሁሉም ወዲህ ናቸው።

ባለፈው ዓመት የስምንተኛ ክፍል ፈተና በሚሰጥበት ጠዋት ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ቆሜ ነበር። ሌሊቱን ተራራው ላይ ዘንቦ ኖሮ ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ እንጨትና ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ማዶ አንዲት ተማሪዬ የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆማለች። በክፍሉ ውስጥ ሒሳብን እንደ ጨዋታ ከሚያዩት ጥቂት ልጆች አንዷ ናት። ተጠራራን፤ ከጎርፉ ጩኸት የተነሳ ግን አልተሰማማንም። ውሃው የጎደለው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ፈተናው አልፏል። ልጅቷ ክፍሉን ደገመች።

እናቷ ባሏ የሞተባትና ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ናት። በቤቱ ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ወንድሟ ነው። ልጅቷ ክፍል እንደደገመች ሲሰማ እንዲህ አለ፦ «ዘንድሮ ትሞክር። ከቀረባት ግን አዳማ ሰው ቤት ትቀጠራለች።» ለፈተናው ሳምንት እኔ ጋ ትደር ብዬ ጠየቅኩት። «የእህቴ ልጅ ሰው ቤት አታድርም» አለኝ። ሰው ቤት እንድትቀጠር የሚፈልግ ሰው ይህን ማለቱ ገርሞኝ ላስረዳው ሞከርኩ። በደንብ አዳመጠኝ፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም። በኋላ ሳስበው፣ ለእሱ ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም። መቀጠር ሥራ ነው፤ ለፈተና ብላ ሌላ ቤት ማደር ግን ወሬ ያመጣል። እናትየው ይህን ሁሉ አቀርቅራ ስትሰማ ቆየችና ስወጣ «ድልድዩን ብቻ አድርሱልኝ» አለችኝ።

ቦረቦሩ ላይ ሊሠራ የታቀደውን ድልድይ የያዘው የከተማው የልማት ኮሚቴ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ወጣት መምህር ከሆንሽ ጸሐፊነቱ ላንቺ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ጸሐፊ ሆንኩ። ሕዝቡ አዋጣ፣ የወረዳው መሐንዲስ ንድፉን ሠራ፣ አሸዋውና ጠጠሩ በአህያ ጋሪ ተጓዘ። ሥራውን የሚመራው አዳማ ትልልቅ ሕንጻዎች ላይ የሠራ የከተማችን ልጅ፣ ግንበኛ ነው። ዶማና አካፋው ግን የእድሩ ነበር። ይህን ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ እነዚያ አካፋዎች ከዚያ በፊት የሚያውቁት ሥራ መቃብር መቆፈር ብቻ ነበር።

የእድራችን አባላት ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ናቸው። ደንቡም ለሁሉም አንድ ነው፤ ጡሩምባ ከተነፋ ጀምሮ ቀብሩ እስኪፈጸም ድረስ በከተማው ውስጥ ለመቃብር ካልሆነ በቀር ዶማ አይነሳም። ሱቅ ይዘጋል፤ የተጀመረ አጥር እንኳ ቆሞ ይውላል። የቀረ ይቀጣል። ከቅጣቱ ይልቅ ግን የሚከብደው የጎረቤት ዓይን ነው።

የድልድዩን ወለል የምንሞላው አንድ ቅዳሜ ነበር። ሰማዩ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መጥቆር ጀምሯል፤ ፈተናውም ተቃርቧል። ከሁለቱም ማዶ ሰው ወጣ። ወንዶቹ ያቦካሉ፣ ወጣቶቹ አርማታውን በባሬላ ያመላልሳሉ፣ ሴቶቹ ከቦኖው ውሃ በጀሪካን ያመጣሉ። ከውሃ ቀጂዎቹ አብዛኞቹ የማዶ ሴቶች ነበሩ፤ የተማሪዬ እናት ከፊት ከፊት ትሄዳለች። አንዲት አሮጊት አጠገቤ ሲደርሱ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው «አካም ቡልቴ፣ በርሲስቱ!» ብለው በኦሮምኛ ‘እንዴት አደርሽ፣ መምህርት’ ካሉኝ በኋላ «ዛሬስ አካፋ ያዝሽ? ጠመኔው ቀለለሽ?» አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ።

ወለሉ ወደ ግማሽ ሲጠጋ ከማዶ ጡሩምባ ተነፋ።

ሁሉም እጅ ባለበት ቆመ። ወዲያው የሞቱት ማን እንደሆኑ ተሰማ፤ ለረጅም ጊዜ የታመሙ፣ የተከበሩ የማዶ ሽማግሌ ናቸው። ቀብራቸው ከቀትር ሰላት በኋላ ነው ተባለ። የእድሩ ዳኛ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ኮፍያቸውን አወለቁና «አካፋ አውርዱ» አሉ። አካፋው ወረደ።

ግንበኛው ብቻውን ማገላበጡን ቀጠለ።

«ጋሼ» አለ ቀና ሳይል፣ «ቀብር አልከለክልም። ግን ይሄ ነገር አይጠብቀኝም።»

«ሟችስ ይጠብቅሃል?»

«አይጠብቀኝም። እሱንም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው?»

«እኔ ምን እላለሁ ጋሼ? ሲሚንቶው ተፈቷል።»

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። አርማታ አንዴ መፍሰስ ከጀመረ መሃል ላይ ማቆም አይቻልም። ግማሹ ከደረቀ በኋላ የሚጨመረው ሌላው ግማሽ ከፊተኛው ጋር አይዋሃድም፤ መገናኛው ላይ ደካማ ይሆናል፤ ከሥሩ ደግሞ የሚያልፈው ጎርፍ ነው። የከፈትነውን ሲሚንቶ ብናጣ ሌላ የምንገዛበት አልነበረንም። በሌላ በኩል ደግሞ በዚህ ከተማ ሰው ሞቶ ሥራ ላይ የተገኘ ሰው ታይቶ አያውቅም። ሁሉም ይህን ያውቃል። ሁሉም የዳኛውን ፊት ብቻ ይመለከቱ ነበር።

ዳኛው ጥቂት አሰቡና አካፋዎቹን ለሁለት መከፋፈል ጀመሩ። «ማዶ ያላችሁ ጎረቤት ናችሁ፤ አንድ ሰው ሳይቀር ሂዱ። ከወዲህ ሽማግሌው ከእኔ ጋር ይምጣ። ወጣቱ ይቅር፣ ሥራውን ይጨርስ፤ የወዲህ ሰው ዛሬ ስለቀረ አይቀጣም፤ ተጠያቂው እኔ ነኝ።» ከዚያ ሻል ሻል ያሉትን አካፋዎች መርጠው ለመቃብር ላኩ። ግንበኛው በቀሩት ማገላበጡን ቀጠለ።

እንዲህ ሆኖ፣ ድልድዩ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ሄዱ፤ የቀረነው ብዙም የማንሻገር ሰዎች ነበርን።

የማዶ ሴቶች ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ለቅሶ የሚሄድ ሰው እንደሚያደርገው። የተማሪዬ እናትም አሰረች። ሟቹ የአጥር ጎረቤቷ ነበሩ። ባሏ የሞተ ጊዜ መቃብር ለመቆፈር መጀመሪያ የደረሱት፣ ዘመዶቿ እስኪመጡ በሩ ላይ ተቀምጠው ሰው የተቀበሉትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ከሁሉ ቀድማ የምትሄደው እሷ ናት ብዬ አሰብኩ።

ግንበኛው «ውሃ!» ብሎ ተጣራ። ውሃ የሚያመጣ አልነበረም። እሷ ወደ ማዶ አየች፤ ከዚያ ወደ አርማታው ክምር አየች። ጎንበስ ብላ ጀሪካኗን አነሳች።

ቁልቁለቱን መውረድ የጀመረች አንዲት ጎረቤቷ ዞር አለች። «አንቺ፣ አትመጪም እንዴ?»

«ሂዱ፣ እደርሳለሁ።»

«መቼ? ከተቀበሩ በኋላ?»

«ልጄ ከጠዋት ጀምሮ እነሱ ቤት ናት። ልጄ አለች።»

«እንዲህ ነው? ልጅ ልኮ ትልቅ ሰው ይቀራል?»

እናትየው ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቦኖው ዞረች። ጎረቤቲቱ ትንሽ ጠበቀቻትና ወረደች። ሌሎቹም ሰምተው ስለነበር ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ ያየ የለም። እኔም ሌላ ጀሪካን አንስቼ ተከተልኳት። ሌሎችም የወዲህ ሴቶች ተቀላቀሉን። ከቦኖው እስከ ቦረቦሩ ተመላለስን። ከማዶ የሰላቱ ድምፅ ሲሰማ ብቻ ቆማ፣ ጀሪካኑን ሳታወርድ፣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

ወለሉ የተሞላው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ግንበኛው ላዩን ሲያስተካክል እሷ እጇንና እግሯን ታጠበች። «አብረሽኝ ነይ» አለችኝ።

የለቅሶው ድንኳን ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ነበር። ስንገባ ሴቶቹ ሲያወሩት የነበረውን አቆሙ። ቦታ ያልጠበበ ቢሆንም ማንም ፈቀቅ አላለላትም፤ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ጎኗ። የሲሚንቶው አመድ ክንዷ ላይ ቀርቶ ነበር። ልጇ ብርጭቆ ሰብስባ ስታልፍ እናቷን አየችና ቶሎ ዓይኗን መለሰች።

የሟቹ ባለቤት ከወዲያ ጥግ ሆነው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ «ውሃው በቃችሁ?» አሉ።

«በቃን እትዬ።»

«እሺ።»

ያን ጥያቄ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ወቀሳ ይሁን ምህረት፣ ወይስ የደከመች ሴት ለመናገር ያህል የተናገረችው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ነገሮችን ማብራራት ሥራዬ ነው፤ ይህን ግን ማብራራት አልቻልኩም።

በተከታዩ የእድር ስብሰባ ላይ ዳኛው የዚያን ቀን የቀሩትን አነሱ። ከማዶ የቀረችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም የቀረችው ለሁላችንም ስለሆነ ይቅር ይባልላት አሉ። ግማሹ ተስማማ፤ ግማሹ አጉረመረመ። እኔ ተነስቼ ስለ አርማታው ጠባይ፣ ውሃ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር በቅደም ተከተል መናገር ጀመርኩ። ዳኛው «መምህርት፣ ተቀመጪ። ጥቁር ሰሌዳ የለንም» አሉና ሰው ሳቀ።

እናትየው ከኋላ ተነሳች። «ይቅር አትበሉኝ» አለች። «የቀረሁት አውቄ ነው። ለልጄ ብዬ ነው የቀረሁት፤ ለሁላችሁም ብዬ አይደለም። ሌላው የሚቀጣውን እኔም ልቀጣ።» ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ያን ቀን የወቀሰቻት ጎረቤቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ ጣቷን ታይ ነበር። ዳኛውም ሳይከራከሩ ቀጧት።

ይህ ነገር ቅር ብሎኝ ሰነበተ። ፍርዱ ትክክል አልመስል አለኝ። አሁን የማስበው ግን ሌላ ነው። ይቅር ቢሏት ኖሮ ሴትየዋ በከተማው ውስጥ የተለየች ሰው ሆና ትቀር ነበር፤ ውለታ ያለባት ወይም ውለታ የዋለች። ቅጣቷን ስትቀበል እንደማንኛዋም አባል ሆነች። በሪፖርታችን ላይ «ኅብረተሰቡ በጉልበቱ ተሳትፏል» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዓረፍተ ነገሩ ውሸት የለበትም። የማንን ጉልበት፣ ከምን ላይ ተቀንሶ እንደመጣ ግን አይናገርም። ለሪፖርት የሚሆን ቃል አላገኘሁለትም።

ፈተናው በደረሰ ቀን ሌሊቱን ዘንቧል። በጠዋት ሄጄ ሳይ ጎርፉ ካለፈው ዓመት ብሶ ቦረቦሩን ሞልቶት ነበር። የድልድዩ አንድ ጎን መደገፊያ ብረት ስላልደረሰለት ግንበኛው ገመድ ወጥሮ ራሱ መሃል ላይ ቆሟል። የማዶ ልጆች ገመዱን ይዘው፣ አንዱ አንዱን እየተከተለ ይሻገራሉ። አጎትየውም ጃንጥላ ይዞ መጥቶ ነበር። እግሩን ወለሉ ላይ ሁለቴ መታ አደረገና «እሺ፣ ትሂድ» አለ።

ልጅቷ ጫማዋን አድርጋ ተሻገረች። መሃል ላይ ቆማ ውሃውን ታያለች ብዬ ነበር፤ አላየችም። አጠገቤ ስትደርስ «ቲቸር፣ መጀመሪያ ሒሳብ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ሒሳብ ነው።»

«ጥሩ ነው» ብላ ሮጠች።

እናቷ ማዶ አፋፉ ላይ የመጨረሻው ልጅ እስኪሻገር ቆማ ቆየች። የሰፈሯ ሴቶች የገበያ ቅርጫታቸውን ተሸክመው መጥተው ድልድዩ ላይ ወጡ፤ ያቺ ጎረቤቷም አለችበት። እናትየው ቅርጫቷን አንስታ ከኋላቸው ገባች። ከፊቷ ካለችው ሴት ጋር ትንሽ ክፍተት ነበራቸው። የጠበበ መንገድ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ ይሁን ሌላ ነገር አላወቅኩም። መሃል ላይ ሲደርሱ ጎረቤቷ ወደ ኋላ ሳትዞር ገመዱን ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት፤ እናትየውም ያዘችው።